ሟርተኛና ጨለምተኛማ አንድ አይደሉም
ሁሌ ክፉ ነገር ይመጣል የሚልን ሰው ምን ብለን እንጥራው በሚለው ጽሑፍ ላይ «ሟርተኛም ጨለምተኛም ያው ናቸው» ተብሏል። እዚህ ላይ አልስማማም። ሟርተኛ ድሮ ምልክት አይቶ መጪውን የሚናገር ነበር፤ ዛሬም አፉ ክፉ ይጠራል ተብሎ ይፈራል። ጨለምተኛን ግን ማን ይፈራዋል? የጋዜጣና የስብሰባ ቃል ነው። እኔ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ገጠር አጎቴ ቤት ነው። ጤፉ ታጭዶ ሳይከመር ደመና ካየ «በቃ፣ ዘንድሮ በስብሶ ቀረ» ይላል። አክስቴ እንጀራ እያወጣች «ኧረ አንት ሰውዬ፣ አታሟርትብን!» ትለዋለች። «ጨለምተኛ» ብላው አታውቅም። በአስተያየትሽ ለእንዲህ ያለ ሰው «ነጭናጫ የሚለው ይበቃል» ያልሽው እህቴ፣ ነጭናጫ እኮ በትንሽ በትልቁ የሚነጫነጭ ነው፤ ሕፃንም ይሆናል። አጎቴ አይነጫነጭም። እየሳቀ ነው የሚያሟርተው፣ የሚያናድደውም እሱ ነው!