ሰባት ኪሎ የማይበግረው ጀግና

ርካሽ ትኬት ቆርጦ የሰፈሩን አደራ ሁሉ ተሸክሞ ወደ ዱባይ የሚሄደው የደሴ ልጅ ምንም ቢወደስ ሲያንሰው ነው። ርካሹ አየር መንገድ የሸጠለት ወንበር ብቻ ነው፤ ምግቡ፣ መስኮት ዳር መቀመጡ፣ ለጭነት የሚሰጠው ሻንጣ፣ ሁሉም ለየብቻ ይከፈልበታል። በእጅ የሚፈቀደው እንደየኩባንያው ቢለያይም ብዙ ጊዜ 7 ኪሎ ነው፤ ከዚያም ላይ ባለ ጎማው ሻንጣ ባዶውን ሁለት ኪሎ ይበላል። ጀግናችን በዚህ አይደነግጥም። የአክስት በርበሬ 3 ኪሎ፣ የጎረቤት ሽሮ 2 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቅቤ። አደራ መመለስማ ነውር ነው!

ሻንጣን ከቤት መዝኖ መውጣት የፈሪ ሥራ ነው። ፈሪ ሰፈሩ ካለው ሱቅ ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ትርፍ ኪሎውንም አስቀድሞ በኢንተርኔት ይከፍላል፣ ኤርፖርት ሲደርሱ ዋጋው ስለሚወደድ። ጀግናው ግን ጉዱን የሚያየው ቦሌ ነው። 11 ኪሎ! ሻንጣው መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ ሰልፈኛው የውስጥ ልብሱን በነፃ ይጎበኛል፣ በርበሬው ጃኬት ኪስ ይገባል፣ ሦስት ሹራብ ይደራረባል። «በነቢ!» ይላል፤ ካልሆነ «በእመቤቴ!» ይላል። ሚዛኑ የቀረውንም 8 ኪሎ ይላል።

ቅቤና ማር በፍተሻ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዕቃ ግማሹ ባዶ ቢሆንም አያልፍም። ፓወር ባንክ ደግሞ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በእጅ እንጂ በጭነት አይሄድም። ጀግናው ሁለቱንም አቀያይሮ ይከታቸዋል።

ታሽጎ የተሰጠውን እሽግ ከፍቶ ማየት ላኪውን መጠርጠር ስለሆነ አያደርገውም። ጫት በኤምሬትስ ክልክል ነው፤ ቢገኝ መጀመሪያ የሚያዘው ተሸካሚው ነው። ላኪው ደሴ ፒያሳ ቡናውን እየጠጣ ነው።

ሰዓት ንባቡም ይደነቃል። ትኬቱ 03:00 ሲል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ እሱ ቁርሱን በልቶ ለጠዋቱ 3 ሰዓት ይደርሳል። ማክሰኞ 00:30 ከተባለም ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡30 ነውና ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት ነበረበት። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ትኬት ለብቻው የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ሻንጣውን ቦሌ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ አለበት፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቀውም። ጀግናችን በሁለቱ መሀል አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃኛል ብሏል።

አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ እንመርቅለት። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር ውስጡ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ስለዚህ መንገዱን በሙሉ በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጆሮው ቢደፈን እንኳ ሐረጎን ሲወርድ እንደሚያደርገው ምራቁን ይዋጥ።

ጎማው መሬት እንደነካ ቀበቶውን ፈትቶ የሚነሳው እሱ ነው፤ በሩ እስኪከፈት አንገቱን ጣሪያው ሥር ቀልብሶ ይቆማል። ሲከፈት የሐምሌ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይቀበለዋል። ሦስቱ ሹራብ ገና አልወለቁም፤ የአክስት በርበሬ በላብ ርሶ ከኪሱ መንጠብ ጀምሯል።