አፈሩ ጭቃ ሆነ፤ ሲሸጥልኝ ግን አንድ ቃል አልተነገረኝም

ዛሬ ልናገር። ሆዴ ውስጥ ይዤው ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ዕፅዋት የተተከለበት የዓሣ ገንዳ አለኝ። 60 በ40 በ35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲሞላ 84 ሊትር ይይዛል። ሦስት ዓመት ሊደፍን ነው። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የምቀመጠው እሱ ፊት ነው። ቀኑ ምንም ያህል ቢከፋ፣ ኒዮን የሚባሉት ትንንሽ ዓሦቼ በቅጠሎቹ መሃል ውር ውር ሲሉ ሳይ ልቤ ይረጋል።

አፈሩን ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። ለገንዳ ዕፅዋት ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው፣ አኳሶይል የሚባለው። 9 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ሁለት ገዛሁ። በአውቶቡስ ተላከልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተሸክሜ አመጣሁት። የደሞዜን ግማሽ በልቷል። ሻጩን በስልክ ጠይቄው ነበር። "ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ይቆያል?" አልኩት። "ወንድሜ፣ አንዴ ካስገባኸው ተገላገልክ" አለኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ አማዞን ሶርድ ከሚባሉት ተክሎቼ አንዱን ልነቅል እጄን ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነና እየሳሳ ነበር። ድሮ አፈሩን ስነካው ልክ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ፍሬው ይሰማኛል፤ በጣቶቼ መሃል ይንከባለላል። አሁን ጣቴ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቴ ጫን አልኳት። ቡን ብላ ጠፋች። ተክሉን ሳብ ሳደርገው ጥቁር ደመና ተነሣ፤ ደቂቃ ሳይሞላ የኋላው መስታወት አይታይም። ከሥሩ አረፋ ብልቅ ብልቅ እያለ ወጣ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። እማዬ ከጓዳ "ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሸተተው?" እያለች መጣች።

በዚያው ሌሊት ደግሞ መብራት ጠፋ። ማጣሪያው ቆመ። ዓሦቹ ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ በስልኬ መብራት እያየሁ አነጋሁ። ጠዋት ሁለት ኒዮኖች ሞተው አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ያነበብኩት ሁሉ ደግሞ ከመግዛቴ በፊት ሊነገረኝ የሚገባ ነበር።

ይሄ አፈር ጠጠር አይደለም። ሸክላነት ያለው አፈር በትንንሹ ተድበልብሎ፣ በመጠኑ ተጋግሮ የተሠራ ነው። ወለቃ ሄዶ የሸክላ ሥራ ያየ ጎንደሬ ወዲያው ይገባዋል። ያልተተኮሰ ማሰሮ ውሃ ብትሞሉበት ተመልሶ ጭቃ ነው። በደንብ የተተኮሰ ግን ተሰብሮ እንኳ ገሉ ስንት ዘመን መሬት ውስጥ ይቆያል። አኳሶይል መሃል ላይ ነው። በኃይል ቢተኮስ ኖሮ አይፈርስም ነበር፤ ግን ያን ጊዜ የዕፅዋቱን ምግብ ይዞ የማቆየት አቅሙ ይሞታል፣ ውሃውንም ማለስለስ፣ ማለትም ኖራውን መቀነስ፣ አይችልም። እኛ ገንዘብ የምንከፍለው ለዚያ ችሎታው ነው። ስለዚህ መፍረሱ አይቀርም። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ብቻ ነው።

ደግሞ ሁሉ ነገሩ በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ የሚያልቀው ምግቡ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ውስጥ። የእኔ አማዞን ሶርድ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን የመብራት ችግር መስሎኝ አምፖል ቀየርኩ። ውሃ የማለስለስ ኃይሉም እየተሟጠጠ ይሄዳል። በመጨረሻ ፍሬው ራሱ ይላላል፣ ይደቅቃል፣ ይጠቀጠቃል። ውሃ በመሃሉ ማለፍ ሲያቅተው ታችኛው ክፍል ኦክስጅን ያጣል። ያኔ ነው ያ እንቁላል እንቁላል የሚሸት ጋዝ የሚፈጠረው። እሱ ለዓሣ መርዝ ነው።

የእኛ ቤት ውሃ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ማንቆርቆሪያችንን ከፍታችሁ ብታዩ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ኖራ የበዛበት ውሃ ነው። ይህን ዓይነት ገንዳ ዓለም እንዲወደው ያደረገው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው፤ የአገሩ ውሃ በአብዛኛው ለስላሳ ነው። የእኔ አፈር ግን በእያንዳንዱ የውሃ ቅያሪ ከኖራ ጋር ሲታገል ኖሯል። ታዲያ ሻጩ "የምትጠቀመው ውሃ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? አንድ ጥያቄ እኮ ናት!

እኔም አላወቅኩም እንጂ አባብሼዋለሁ። ዕፅዋት በየወሩ እየነቀልኩ ቦታ ቀያይሬያለሁ። አፈር ሲጭሩ የሚውሉ ኮሪዶራስ የሚባሉ ዓሦች አስገብቻለሁ። ቆሻሻ ስስብ ቱቦውን እስከ ታች እየወጋሁ ፍሬውን ፈጭቼዋለሁ። ቱቦው ከላይ ከላይ ብቻ ነው መሄድ ያለበት። ማን ነገረኝ? ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ የማላነበው ቋንቋ ነው።

ምክር ሰጪዎችም አሉ። "አውጥተህ እጠበውና መልሰው" አለኝ አንዱ። ኧረ እባካችሁ! ይሄ አፈር አዲሱ እንኳ አይታጠብም፤ ያረጀውን ስታሹት ባልዲ ሙሉ ጭቃ ነው የምታገኙት። ሌላው "አሸዋ ከላይ አልብሰው" አለኝ። ደቃቅ አሸዋ እኮ በፍሬዎቹ መሃል ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ተደባልቆ ታገኙታላችሁ። አሸዋ ለብቻው የምትጠቀሙ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፤ አታስገቡት።

በጣም የሚያንገበግበኝ የውሃው ነገር ነው። እዚህ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከተማው ውሃ የሚያገኝበት አንገረብ ግድብ ራሱ ከተራራው ታጥቦ በሚወርድ ደለል እንደተቸገረ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል። አዲስ አፈር ደግሞ ስታስገቡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለዓሣ መርዝ የሆነ አሞኒያ ይለቃል። ውሃው በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ በግማሽ በግማሹ መቀየር አለበት። በየቅያሪው 40 ሊትር ማለት ነው። ይህን ውሃ የምቀዳው እማዬ ልብስ ከምታጥብበት በርሜል ነው። አንድ ሰው "በሦስት ዓመት ውስጥ ትደግመዋለህ" ብሎኝ ቢሆን፣ ያኔውኑ ተራ ጠጠር አድርጌ፣ ከሥሩ የሚቀበር የማዳበሪያ እንክብል ገዝቼ እገባበት ነበር። ጠጠር አይፈርስም። ያም ባይሆን፣ ከታች ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመረብ ከረጢት አነጥፌ አፈሩን ከላይ አሳሳው ነበር። ምርጫው የእኔ ይሆን ነበር። የተነጠቅኩት ይህን ነው።

አሁን ዓሦቹ ሳፋ ውስጥ ናቸው፤ በራሳቸው አሮጌ ውሃ። ማጣሪያውንም አብሬ አስገብቼዋለሁ፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ስላሉ አልታጠበም። ጭቃውን በኩባያ እየጨለፍኩ አውጥቼ ለእማዬ ጤና አዳም ሰጠሁት። ለማሰሮ ተክል አሁንም ይሆናል።

የእኛ ፈረቃ ነገ ሌሊት ነው። ሁለት በርሜል አለን፤ አይበቃም። ባዶ ጀሪካን ያላችሁ የማራኪ ልጆች፣ ከነገ ማታ በፊት አውሱኝ። ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመልሳለሁ።