ሌባውስ አሻራ ሰጥቷል?

ትናንት ሌሊት የሱቄ መስታወት ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረ። ፖሊስ የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ፍርፋሪውን እየጠረግኩ ስልኬን ብከፍት፣ ስለ መሣሪያ መግዣ ፈቃድ የሚያወራ ዜና። በቃ፣ ደሜ ፈላ!

እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ከሜይ 2027 ጀምሮ መሣሪያ ለመግዛት መጀመሪያ ፈቃድ ታወጣለህ። አሻራ ስጥ። ሠልጥን። ተኩሰህ አሳይ። ፈቃዱ በ5 ዓመቱ ያበቃል፣ እንደገና ተሰለፍ። እሺ፣ ያ ሁሉ አልቆ ገዛህ እንበል። ገና 10 የሥራ ቀን ትጠብቃለህ። ሌባውን «ወንድሜ፣ 10 የሥራ ቀን ታገሰኝ» ልበለው? ከ10 ጥይት በላይ የሚጎርስ ካዝናም ከ2022 ጀምሮ መሸጥ ክልክል ነው። ሌባውም ቆጥሮ 10 ላይ ያቆማል መሰላቸው!

«ምዝገባ ብቻ ነው፣ ምን አስፈራህ?» ይሉኛል። የሽጉጥ ሽያጭ እኮ ድሮም ስቴቱ ጋ ይመዘገባል። አያቴም ምንሽሩን «ለቆጠራ ነው» ተብሎ አስመዝግቦ ነበር። ቆጠሩት። ከዚያ መጥተው ወሰዱት። ግድግዳው ላይ የቀረው የሰቀለበት ሚስማር ብቻ ነው።

መትረየስ ስጡኝ አላልኩም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብቻዬን ቆሜ ሂሳብ የምዘጋ ሰው ነኝ። ሌባው አሻራ ሰጥቶ ነው የገዛው? የትኛው ማሠልጠኛ ነው የተማረው? ንገሩኝ፣ እኔም እዚያው ልመዝገብ።