ጉልበቴን የምትፍቅ፣ ዕቃዬን የማትጠብቅ ቦርሳ

ትናንት ማታ ቀበና ላይ በዝናብ ቆሜ የተቃጠልኩትን ዛሬ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። የሚያናድደኝ አንድ ትንሽ ቦርሳ ነው። በብስክሌት ፍሬም ላይ በማሰሪያ የምትታሰር፣ ከላይኛው ቧንቧ ሥር ወደ መሪው በኩል ባለው ማዕዘን የምትገባ፣ መጠገኛ ዕቃ የምትይዝ ቦርሳ። ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ጎማው ተንፍሶበት ከቀበና እስከ ሲኤምሲ ብስክሌቱን ገፍቶ ለማያውቅ ሰው ነው።

ከሲኤምሲ ተነሥቼ በመገናኛ አድርጌ አራት ኪሎ ነው የምሠራው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለብስክሌት የተለየ መስመር አግኝተናል፤ ለዚህ ከልቤ ደስተኛ ነኝ። ነገር ግን በምመላለስበት መንገድ ሁሉ አንድም ብስክሌት ጠጋኝ አላጋጠመኝም። ጎሚስታማ ሞልቷል። የጎሚስታው መንፊያ ግን የሚገጥመው ከመኪና ቫልቭ ጋር ነው። የእኔ ጎማ ቫልቭ ቀጭኑ ዓይነት ነው፤ ጫፉ ላይ በጣት የሚፈታ ትንሽ ብሎን ያለው። ሁለቱን የምታገናኝ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል የናስ ቆብ አለች። እርሷ ከሌለች ጎሚስታው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን አየር ሊሞላልኝ አይችልም። ስለዚህ ያቺ ቦርሳ ለእኔ ጌጥ አይደለችም፤ ጋራዤ ናት።

በውስጧ ልይዝ ያሰብኩት የቅንጦት ዕቃ አልነበረም። አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ መለጠፊያ ላስቲክ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ የናሷ ቆብ፣ አጭር የእጅ ፓምፕ። ይኸው ነው። ስገዛት ሻጩን ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ጠይቄዋለሁ። «እህቴ፣ ሁሉንም ትይዛለች፣ ውኃም አያስገባም» አለኝ። 1,200 ብር ከፈልኩ።

ፓምፑ አልገባም። ከሁሉ አጭሩን ነው የገዛሁት፤ ቢሆንም የዚፑ አፍ ከፓምፑ በሁለት ጣት ያንሳል። የቀረውን ጠቅጥቄ ስዘጋት ደግሞ ሆዷ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነፋል፤ ጉልበቴ ባለፈ ቁጥር ይፋቅባታል። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳሉን ባዞር በ40 ደቂቃ መንገድ እያንዳንዱ ጉልበቴ 2,400 ጊዜ ይፋቃል ማለት ነው። ሁለት ሱሪ በአንድ ቦታ ሳስቶብኛል። ይህን ቦርሳ የቀየሰው ሰው አንድ ቀን እንኳ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስፋቷን አራት ጣት ላይ ያቆመው ነበር።

ማሰሪያዋስ? ሲላቀቅ «ችርር» የሚለው ተለጣፊ ጨርቅ ነው። ይህን ያሰበው ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአደን መልስ ልብሱና የውሻው ጸጉር ላይ ተጣብቆ ያገኘው የዕፅዋት ፍሬ ነው። እኛም ሜዳ ላይ ስንሮጥ ጭጎጎት ከልብሳችን ስንለቅም ያደግን ነንና አሠራሩ አይጠፋንም፤ በአንዱ ወገን ጥቃቅን መንጠቆ፣ በሌላው ወገን ለስላሳ ክር። ፈጠራው ድንቅ ነው። ነገር ግን መንጠቆው አቧራና የጨርቅ ብናኝ ሲሞላው መያዙን ይተዋል፤ የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ ደግሞ እናውቀዋለን። በሁለተኛው ወር ወደ ቀበና ቁልቁለቱን ስወርድ ቦርሳዋ ዞራ ጉልበቴን መታችው። በማሰሪያው ሥር የገባው አሸዋም የፍሬሙን ቀለም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ልጦታል።

በዚህ ላይ ውጭ ትቻት መግባት አልችልም። እንዲህ ለመታሰር የቀለለች ለመፈታትም ቀላል ናት፤ መንታፊ ለመውሰድ አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፈትቼ ይዣት እገባለሁ። በር ላይ ጥበቃው ይከፍታታል። «እህቴ፣ ይህ ብረት ምንድን ነው?» ትናንት ያስረዳሁትን ዛሬም አስረዳለሁ። ጥበቃው ሥራውን ነው የሚሠራው፣ አልቀየመውም። ግን ከመቶ ሰው ፊት መፍቻዎቼን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ ሰልፍ ማስቆሜ በየቀኑ ያሳፍረኛል፤ ሊያሳፍረኝ የማይገባ ነገር መሆኑ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ወደ ትናንት ልመለስ። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዝናብ፣ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አልደነገጥኩም፤ ትርፍ አለኝና። ከመነዳሪውን ቀይሬ ከጀርባ ቦርሳዬ ፓምፑን አውጥቼ ነፋሁ። ፉስ አለ። ለወራት በዚያች ጠባብ ቦርሳ ከቁልፎቹ ጋር ሲፋተግ ኖሮ አዲሱ ከመነዳሪ ከነማሸጊያው ተበስቷል! ልለጥፈው ማስቲሹን ስከፍት ደርቋል። መለጠፊያው ውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ «ውኃ አያስገባም» የተባለችው ቦርሳ በዚፑ ያስገባችውን ውኃ ከሥር አቁራዋለች። የቀረኝ ተስፋ አሮጌውን ከመነዳሪ ጎሚስታ ጋር ወስዶ ማስለጠፍ ነበር። ሰውየው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስኩበት፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በራሱ ማስቲሽ ለጠፈልኝ። ፓምፔ ግን ከቀበናው ትግል በኋላ እጀታው ተሰብሯል። በመንፊያው እንሙላው ብለን የናሷን ቆብ ስፈልጋት የለችም። የቦርሳዋ ጥግ ስፌት ተተርትሮ፣ የት እንደ ጣለቻት እንጃ።

ቤቴ ስገባ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሌላ አልገዛም። ዛሬ የፍሬሜን ማዕዘን በካርቶን ለክቼ ቆርጫለሁ። ቅዳሜ የመኪና ወንበር ልብስ ወደሚሰፉ ባለሙያዎች እወስደዋለሁ። የጭነት መኪና ሸራ፣ ድርብ ስፌት፣ ስፋቷ አራት ጣት፣ ዚፑን ከላይ የሚሸፍን ክዳን፣ ለቁልፎቹ የተለየ ኪስ፣ በተለጣፊው ፋንታ ባለ ዘለበት ሦስት ማሰሪያ። ከመነዳሪውን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። ያቺን የናስ ቆብ የት እንደምትሸጥ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ሁለት እገዛለሁ፣ አንዷን ለዚያ ጎሚስታ።