የመደርደሪያው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ አነስተኛ የፒያኖ ዝግጅት ወጥተን አራት ሆነን ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ወጣቷ ተጫዋች ሾፓንንና ሊስትን ካሰማችን በኋላ የምሽቱ መዝጊያ ያደረገችው የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ፒያኒስትና ደራሲ የሻርል-ቫለንቲን አልካንን አንዲት አጭር ባርካሮል (የጀልባ ዘፈን መሰል ድርሰት) ነበር። ቡናው ሳይቀርብ ክርክሩ ቀረበ።

የጀመሩት በዕድሜ የሚበልጡን፣ ቤታቸው በሙዚቃ ሸክላ የተሞላ አዛውንት ናቸው። «ይህ ሰው እንዴት እንደሞተ ታውቃላችሁ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ። አይሁዳዊ ነበር፤ ታልሙዱን፣ የአይሁድን የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ከመደርደሪያው አናት ሊያወርድ ሲንጠራራ መደርደሪያው ከነመጻሕፍቱ ተንዶ ገደለው። «መጽሐፍ የገደለው ሙዚቀኛ!» ብለው በየተራ ቃኙን። እንዲህ ያለ ወግ ሲያወጉ ፊታቸው ይበራል።

ፒያኖ የምታስተምረው ጓደኛችን አላሳለፈቻቸውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ተረት ነው።» እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 29 ቀን 1888 ፓሪስ ውስጥ ምን እንደሆነ በጊዜው የተጻፈ የአንድ ተማሪው ደብዳቤ ይናገራል። አልካን የተገኘው ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ከባድ የካፖርትና የጃንጥላ መስቀያ ላዩ ላይ ወድቆበት ሲያቃስት ነው። ራሱን ስቶ ሲወድቅ መስቀያውን ለመደገፊያ ይዞት ሳይሆን አይቀርም። ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰዱት፤ በዚያው ምሽት አረፈ። የመደርደሪያው ታሪክ ደግሞ ቀድሞ የሚነገረው በ18ኛው መቶ ዘመን በሜትዝ ከተማ ስለነበሩ አንድ ታላቅ ረቢ ነው። የአልካን ቤተሰብ ምንጭ ሜትዝ ስለሆነች ተረቱ ከረቢው ተነሥቶ እሱ ላይ ያረፈ ይመስላል።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጃንጥላ መስቀያ ገደለው ልበል?» አሉ ሽማግሌው፣ ቅር ብሏቸው።

አራተኛው ሰው ጠበቃ ነው፤ ማንኛውንም ነገር መዝገብ ከፍቶ ካላየ አይሆንለትም። «አሟሟቱን ተዉት» አለ። «ይህ ሰው የተቀበረው ከመሞቱ ከአርባ ዓመት በፊት ነው።» ከዚያም ክሱን ዘረዘረ። በ1813 የተወለደው ልጅ ስድስት ዓመት ሳይሞላው የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ ገባ፤ በሰባት ዓመቱ በኖታ ንባብ የመጀመሪያውን ሽልማት ወሰደ፤ በፒያኖ፣ በሃርሞኒና በኦርጋንም ሽልማቱ ተከታተለ። (አልካን የቤተሰቡ ስም አይደለም፤ ሞርሃንዥ ነበሩ። አባቱ አልካን ሞርሃንዥ ይባል ስለነበር ልጆቹ በሙሉ የአባታቸውን ስም አስከትለው ተጠሩ። የፈረንጅ ጸሐፊዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን የጠየቀ አልነበረም።) አድጎ የሾፓን ጎረቤትና ወዳጅ ሆነ። በ1848 መምህሩ ዚመርማን ከፒያኖ ክፍሉ ሲለቁ ቦታው ለእሱ እንደሚገባ አመነ፤ እንድትረዳው ለደራሲዋ ለጆርጅ ሳንድ ሳይቀር ደብዳቤ ጻፈ። የኮንሰርቫቶሪው ዲሬክተር ኦቤር ቦታውን ለማርሞንቴል ሰጠ። ከ1853 በኋላ አልካን ከመድረክ ጠፋ፤ ተመልሶ የታየው በ1873 ነው። «ወንበሩን ከለከሉት፣ ሰውየው አብሮ ቀረ። ፍርዱ ግልጽ ነው» ብሎ እጁን አጣጠፈ።

«ፍርዱማ ኖታው ላይ ነው ያለው» አለች መምህርቷ። ስለ ቁጥር 39 ድርሰቱ ስትናገር ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። በ1857 የወጣ፣ ማይነር የተባሉትን አሥራ ሁለት የድምፅ መሰላሎች እየተከተለ የሚሄድ የመለማመጃ ስብስብ ነው። መለማመጃ ይባል እንጂ አራቱ ቁጥሮች ተገጣጥመው ሲምፎኒ፣ ሦስቱ ደግሞ ኮንቼርቶ (ብቸኛ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት) ይሆናሉ፤ ያውም ያለ ኦርኬስትራ። አንዱ ፒያኖ ተጫዋች ኦርኬስትራውንም ብቸኛውንም ተጫዋች ሆኖ ይሠራል። አልካን ገጹ ላይ «ሁሉም»፣ «ብቸኛ» እያለ ጽፎለታል፤ ስለዚህ ያው ሁለት እጅ አንዴ እንደ ብዙ ሰው፣ አንዴ እንደ አንድ ሰው መሰማት አለበት። የኮንቼርቶው የመጀመሪያ ክፍል ብቻውን ከ1,300 በላይ ሚዛን (የኖታ መለኪያ ክፍል) አለው፤ ወደ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስብስቡን የሚዘጋው «የኤዞፕ ግብዣ» ደግሞ አንዲት ስምንት ሚዛን ዜማ ይዞ ሃያ አምስት ጊዜ ይገለባብጣታል። «ተማሪዎቼ ገጹን ሲያዩ ይስቃሉ» አለች። «የሳቀ ተማሪ ደግሞ አይለማመድም። የተረሳው ስለከበደ ነው።»

እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ስለ «አራቱ ዕድሜዎች» ሶናታ አነሣሁ። አልካን በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ የጻፈው ነው። ክፍሎቹ የአንድን ሰው ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ይከተላሉ። አብዛኛው ደራሲ ፍጥነቱን ለመጨረሻ ያስቀምጣል፤ እሱ ሃያ ዓመቱን እጅግ ፈጣን አድርጎ ጀምሮ ከዚያ በየክፍሉ እየቀነሰ፣ ሃምሳኛው ላይ እግሩን የሚጎትት ሙዚቃ ይተውልናል። የመጨረሻው ክፍል መጠሪያ፣ በግሪክ ተረት ዐለት ላይ በታሰረው ጀግና ስም፣ «የታሰረው ፕሮሜቴዎስ» ነው። አርባኛው ዓመት ደግሞ የደስተኛ ቤተሰብ ሥዕል ነው፤ ልጆች ይጫወታሉ፣ ማታ ጸሎት አለ። የጻፈው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አላገባም። አዳራሽ ውስጥ ይህን የተጫወተ ሰው በጭብጨባ ፈንታ ዝምታ ነው የሚያተርፈው። ከከበደው ይልቅ ይህ ይመስለኛል ተጫዋቾችን ያሸሸው፤ መምህርቷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

ሽማግሌው ቡናቸውን ፉት አሉ። «ሁላችሁም ዙሪያውን ትዞራላችሁ። ሰውየው ሰው ይጠላ ነበር፤ በቃ።» በ1861 ለወዳጁ ለሙዚቀኛው ሂለር ሰው መጥላቱ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት እንደሆነ፣ ሙዚቃ መጻፍ እንኳ ጣዕም እንዳጣበት መጻፉን አስታወሱን። ቤቱን ዘግቶ መጽሐፍ ቅዱስን ከጥንታዊ ቋንቋዎች ወደ ፈረንሳይኛ ተረጎመ፤ እሱም ጠፍቶ ቀረ። «የሸሸን ሰው ማን ሲፈልገው ይኖራል?»

«ሰው የጠላ ሰው ለበቀቀን የቀብር ማርሽ ይጽፋል?» አለ ጠበቃው። እውነቱን ነው። በ1859 አልካን ኦቦና ባሱን በሚባሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች (በሦስት ኦቦና በአንድ ባሱን) የታጀበ ባለ አራት ድምፅ መዘምራን ሰብስቦ የሞተ በቀቀን አስለቅሷል። መዘምራኑ በታላቅ ሐዘን የሚጠይቁት «ጃኮ፣ ቁርስ በላህ?» እያሉ ነው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ክርክሩም ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ ስላልተናገርኩት ሐሳቤን እዚህ ላስፍር።

ጠበቃው መዝገቡን አጋምሶ ዘጋው። ወንበሩን ያገኘው ማርሞንቴል የሙዚቃ ደራሲዎቹን ቢዜንና ደቡሲን ያስተማረ ትልቅ መምህር ነው፤ የራሱን ድርሰት ግን ዛሬ ማን ይጫወታል? ወንበር ሥራን ከመረሳት አያድንም። አልካን ተማሪም አላጣም፤ ሾፓን በ1849 ሲሞት ከተማሪዎቹ የተወሰኑት ወደ እሱ ዞሩ። የአልካን ልጅ እንደሆነ የሚታመነው ዴላቦርድ ራሱ በኮንሰርቫቶሪው ለአሥርተ ዓመታት ፒያኖ አስተምሯል፤ ከፒያኒስቱ ኢሲዶር ፊሊፕ ጋር ሆኖም የአልካንን ሥራዎች አዘጋጅቶ እንደገና አሳትሟል። ወንበርም፣ ተማሪም፣ የታተመ ኖታም ነበር።

የመምህርቷ ክብደትም ብቻውን አይበቃም። በ1861 የወጡት «ንድፎች» ከአርባ ስምንት የሚበልጡ ትንንሽ ድርሰቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሁለት ደቂቃ አያልፉም፤ መካከለኛ ተማሪ ከነዚያ ደርዘን ያህሉን መርጦ መጫወት ይችላል። እነሱም ተረሱ። ያን ዕለት የሰማናት ባርካሮልም እንዲሁ ጣት አትሰብርም።

ስለዚህ፣ ሳልወድ፣ ወደ ሽማግሌው አጋድላለሁ፤ በምክንያታቸው ግን አልስማማም። አልካን ሰው ስለጠላ አልተረሳም። ሾፓንም መድረክ አይወድም ነበር። ልዩነቱ አልካን እንደዚያ ያለ እንግዳ ሙዚቃ ባሳተመባቸው ዓመታት፣ «ይህ እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ የሚያሰማ ሰው በሌለበት መተዉ ነው። አንድ ፒያኖ ኦርኬስትራ ሊሆን እንደሚችል በ1857 የፓሪስ አድማጭ ከወረቀት አንብቦ አያምንም፤ በጆሮው መስማት አለበት። ሊያሰማው ይችል የነበረው አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጧል። በ1873 ፓሪስ በሚገኘው የኤራር ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ሲመለስም በሰፊው ይጫወት የነበረው የባኽንና የሌሎች ቀደምት ደራሲዎችን ሥራ ነው። ፒያኒስቱና ደራሲው ቡሶኒ ከቤትሆቨን በኋላ ከተነሡት ታላላቅ የፒያኖ ደራሲዎች አንዱ ብሎ ሲቆጥረው፣ በኋላም በ1960ዎቹ ፒያኒስቱ ሬይመንድ ሉዊንታል፣ ቀጥሎ ሮናልድ ስሚዝና ማርክ-አንድሬ ሃምሊን ሲቀርጹት፣ ሙዚቃው አልተለወጠም፤ የተጨመረው የሚያሰማው ሰው ነው።

ሽማግሌውን አንድ ነገር ግን አልምራቸውም። ዝምታው ካለቀ በኋላ ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ የሸፈነው ያ የሚወዱት ወግ ነው። በዚያ ምሽት በር ላይ የታደለው ወረቀት ስለ አልካን ሦስት መስመር ነበረው፤ ሁለቱ ስለ መደርደሪያው ናቸው።