ቆዳው የሚበላሸው ጓሮ ነው

የፋሲካ ማግስት ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብትሉ፣ የበግ ቆዳ ቱቦ ውስጥ ተጥሎ ታገኛላችሁ። ድሮ ቆዳ ገዢው ገና በጠዋቱ በር ያንኳኳ ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ብዙም አይመጣም። ሰዉ ፋብሪካውን ያማል። እኔ ግን ግማሹ ጥፋት የኛው ነው ባይ ነኝ።

የጎጃም ዋሸራ በግ ጸጉሩ አጭር ነው። ሱፍ ሳይሆን ጸጉር ያለው በግ ደግሞ ቆዳው ከባለሱፉ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በውጭ ገበያ ለጓንት የሚፈለገው ለዚሁ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ።

ይህን ይዘን ምን እናደርጋለን? አራጁ ይቸኩላል። በቢላ ከፈት ካደረገ በኋላ ጡጫውን በቆዳውና በሥጋው መካከል እያስገባ መግፈፍ ሲችል፣ እስከ መጨረሻው በስለት ይሄዳል። ጸጉሩ ከላይ ስለሚሸፍነው፣ ቆዳውን ገልብጦ ላላየ ባለቤት የቢላው ጉዳት አይታየውም። ፋብሪካ ገብቶ፣ ተዘፍዝፎ፣ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ጸጉሩ ሲረግፍ ግን ጉዱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በክሮም ቢለፋ፣ ቀለም ቢጠጣ ቀዳዳው አይደፈንም። ይህን ብራና ፋቂዎቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ቆዳው እንጨት ላይ ሲወጠር ትንሿ ቀዳዳ ትሰፋለች። የቆዩ የብራና መጻሕፍትን ስትገልጡ በክር የተሰፋ ቀዳዳ የምታዩት ለዚያ ነው።

ጨውም አለ። ቆዳ ከተገፈፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሥጋው በኩል ካልተጨወ መበስበስ ይጀምራል፤ ጸጉሩም በእጅ ይነቀላል። ለአንድ በግ ቆዳ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው ይበቃል። እኛ ግን ፌስታል ውስጥ ጠቅልለን እናሳድረዋለን። በእምቧይ ፍሬ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩትን ባለሙያዎች «ፋቂ» እያልን ስንንቅ የከረምን ሰዎች፣ ቆዳ አያያዝ ባናውቅ ምን ይገርማል!

እርግጥ ነው፣ አራጁንም አልፈርድበትም። የተቦጫጨቀውም ንጹሑም በአንድ ዋጋ ከተሸጠ ማን ይጠነቀቃል? ቆዳ ሰብሳቢዎች በደረጃ ይግዙ፤ ለደህናው ጨመር አድርገው ይክፈሉ። «ጸጉሩ ሳይነሣ እንዴት ይለያል?» የሚሉ አሉ። እከክ የበላው ከሆነ እውነታቸውን ነው፣ ያስቸግራል። ቢላ የነካው ግን ከሥጋው በኩል ነው። ገልብጦ ብርሃን ላይ መያዝ ይበቃል።