ባለ 70 ክፍሏ ጎጆ

አነቃቂዎቻችን ይባረኩ። እነሱ ባይኖሩ ድህነታችን የገዛ ስንፍናችን መሆኑን ማን ይነግረን ነበር?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ስልኬ ላይ የቤት ፎቶ ይዞ ከች አለ። ከኋላ ፒያኖ ይንቆረቆራል። ቤቱ «ዘ ብሬከርስ» ነው፤ አሜሪካ፣ ኒውፖርት፣ ውቅያኖስ አፋፍ ላይ ጉብ ያለው የቱጃሮቹ የቫንደርቢልቶች ቤት። «ከዜሮ ተነስተው እዚህ ደረሱ። አንተስ ምን ሰበብ አለህ?» ይለኛል። ሰበቤን መቁጠር ስጀምር ቪዲዮው አለቀ።

ልክ ነው፣ ከዜሮ ነው የተነሱት። የቤተሰቡ አባት ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት በ1810 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሥራ የጀመረው እናቱ ባበደሩት 100 ዶላር ነበር። የእናት ብር መቼም ዜሮ ነው። ከጀልባ ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ባቡር እያለ በ1877 ሲሞት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወ። ልጁ በስምንት ዓመት እጥፍ አደረገው። ከዚያ የልጅ ልጆች መጡና ቤት መሥራት ያዙ። አንዱ ሰሜን ካሮላይና ጫካ ውስጥ 250 ክፍል ገነባ። ሌላው 11 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ለሚስቱ ልደት የእብነበረድ ቤት ሰጣት። ቤቱ ባለቀ በሦስት ዓመቱ ተፋቱ። ቤቱ የእሷ ሆኖ ቀረ።

እኔን የማረከኝ ግን ትሕትናቸው ነው። ኒውፖርት ላይ የሠሯቸውን ቤቶች «ጎጆ» ነበር የሚሏቸው። ብሬከርስ 70 ክፍል አላት፤ ጎጆ ናት። የሚገቡባትም በሞቃቱ ወራት ለጥቂት ሳምንታት ነበር። እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ሰርቪስ «ስቱዲዮ» ተብሎ ይከራያል። ትሕትና የሚባል አልፈጠረብንም።

መታጠቢያ ገንዳውንማ ሳልነግራችሁ አልሄድም። ከአንድ ወጥ እብነበረድ የተፈለፈለ ነው። ቧንቧው አራት ነው፦ ሙቅና ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የባሕር ውኃ። ባሕሩ እኮ እዚያው ከግቢው ሥር ነው። ግን ትልቅ ሰው ወደ ባሕር አይወርድም፣ ባሕር ይመጣለታል። ችግሩ፣ እብነበረድ በረዶ ነው። ሙቅ ውኃ ሲሞሉበት ሙቀቱን ድንጋዩ ይጠጣዋል። ስለዚህ ይሞላል፣ ይደፋል። ደግሞ ይሞላል፣ ደግሞ ይደፋል። ድንጋዩ ሞቆ ሲበቃው ጌታዬ ይገባሉ። አስቡት፣ ድንጋይ ገላውን ታጥቦ እስኪጨርስ ሚሊየነር ፎጣ አገልድሞ ተራ ይጠብቃል! እኔ ዘንድ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ሰባት ጀሪካን አለኝ። ሁለቱ ለልብስ፣ አንዱ ለድስት፣ አንዱ ጎረቤት ተውሶት አልመለሰም። የቀሩትን ሁሉ ብደፋበት የዚያን ድንጋይ ጀርባ እንኳ ለብ አላደርግም። ማይንድሴቴ ነው ችግሩ።

አሁን ግን ቀልዱ ይቅር። የብሬከርስ ግንባታ በተጀመረበት በ1893 የአሜሪካ ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ባቡሮች ፉርጎን ከፉርጎ በራሱ የሚያያይዝ መቆለፊያ እንዲገጥሙ። እስከዚያ ስንቱ ሠራተኛ ሁለት ፉርጎ መሀል ገብቶ ነበር በእጁ ፒን የሚሰካው። ጣቱ የተቆረጠ ስፍር ቁጥር የለውም። ተጨፍልቆ የሞተም አለ። መቆለፊያው ከ20 ዓመት በፊት፣ በ1873 ተፈልስፎ ነበር! የባቡር ኩባንያዎች ወጪው በዛብን ብለው ሲያንገራግሩ ኖሩ። ከባቡር በመጣ ገንዘብ እብነበረድ ግን ይገዛ ነበር። «ምን ሰበብ አለህ» የምትለው ወንድሜ፣ እስቲ ጣት የሌለውን ሰው ሄደህ ይህንኑ ጠይቀው።

ይቅርታ፣ ተናደድኩ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ያችን ጎጆ ያሠራው የልጅ ልጅ፣ እሱም ኮርኔሊየስ ነው ስሙ፣ ቤቱ በተጠናቀቀ በዓመቱ ስትሮክ መታው። በ1899 ሞተ። ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ቤት በ1972 ለቅርስ ጠባቂ ማኅበር በ365 ሺህ ገደማ ተሸጠ። ዛሬ ማንም ትኬት ቆርጦ ይጎበኘዋል። ይህ ክፍል ቪዲዮው ላይ የለም። ፒያኖው አላደረሰውም መሰለኝ።

ከቪዲዮው ሥር «ገንዳውን የሚሞላው ሰው ከስንት ነው የተነሳው?» ብዬ ጻፍኩ። «ኔጌቲቭ ኢነርጂ!» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ይህን እያነበብኩ የግቢው ቧንቧ ማፏጨት ጀመረ። ውኃ ልትመጣ ስትል እንዲህ ያደርገዋል። ጀሪካኔን አንስቼ ሮጥኩ።